ከብቶቹ ገቡ ወይ? ለአክስቴ መጦሪያ ቤት የመረጥንበት ጉዳይ

ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን አክስቴ ትነሳለች። ነጠላዋን ታጣፋለች፤ ወደ በሩ ትሄዳለች። «ከብቶቹ አልገቡም፤ መሸ እኮ» ትላለች። ቤቷ ጎንደር፣ አቡን ቤት ሰፈር ነው። በግቢው ከዶሮ በቀር እንስሳ ኖሮበት አያውቅም። ከብቶቹ የአባቷ ናቸው፤ ደምቢያ፣ የልጅነት ቤቷ። ካለቁ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ሁላችንም እታለም ነው የምንላት፤ የገዛ ልጇም ጭምር። ልጇ መጀመሪያ ላይ ታስረዳት ነበር። «እታለም፣ እኛ እኮ ከብት የለንም። አያቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።» ይሄኔ እታለም የአባቷን ሞት እንደ አዲስ ትሰማለች። ደረቷን ትደቃለች። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ያው ነው። በየማታው መርዶ ስናረዳት ከረምን ማለት ነው።

ከዚያ በር መቆለፍ መጣ። በሩ ሲቆለፍ ጩኸት መጣ። ጩኸቱን ተከትሎ ጎረቤት፣ ጎረቤትን ተከትሎ ወሬ።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እታለም ናት። ሥራዬ ኦዲት ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባደድ የአክስቴ ልጅ ደወለችና «ወንድሜ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አለችኝ። አስተማሪ ናት፤ የራሷ ልጆች አሏት። የእሷ ወንድም አሜሪካ ነው፤ ብር ይልካል። ብር ግን ሲመሽ በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም።

እታለምን የት እናኑራት? ለዚህ ጥያቄ ሦስት ቤት አየን፤ አራት ወር ፈጀብን። አራተኛ ቤትም አይተናል፤ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሕመሙ እንዴት መጣ

እታለም ያኔ 74 ዓመቷ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ነው የኖረችው። የፈተለችውን ድር ሸማኔዎች ገና ከእንዝርቱ ሳይወርድ ይነጋገሩበት ነበር። «ማግ ማንም ይፈትላል፤ ድር ግን እጅ ይፈልጋል» ትላለች። ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

2012 ላይ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለቴ መጨመር ጀመረች። ሳቅን። ቀጥሎ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ብር ይጠፋባት ጀመር። ሠራተኛዋን «ሰረቀችኝ» አለች፤ አባረርናት። ሁለተኛዋንም አባረርናት። ብሩ በኋላ ከባዘቶው ሥር ተገኘ። ዕቃን ደብቆ መርሳት፣ ከዚያም የቅርብ ሰውን በሌብነት መጠርጠር የመርሳት በሽታ የተለመደ ምልክት መሆኑን አናውቅም ነበር። ሁለት ልጆች በግፍ ከቤታችን ወጥተዋል። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አንድ እሑድ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልታስቀድስ ወጣች፤ 40 ዓመት በተመላለሰችበት መንገድ። ከሰዓት በኋላ ወደ አዘዞ በሚወርደው አስፋልት ላይ ተገኘች፤ ባዶ እግሯን። ያኔ «ጠፋች» አልን። አሁን ሳስበው አልጠፋችም። ያ መንገድ ወደ ደምቢያ የሚወስደው ነው።

ጠበል ወሰድናት። ሁለት ሳምንት ቆየች። ጠበሉ አልጎዳትም፤ የጎዳት የደም ግፊት መድኃኒቷን እኛ ማስቆማችን ነው። የንስሐ አባቷ ሲሰሙ ተቆጡን። «መድኃኒቱንስ ማን ፈጠረው?» አሉ። ትልቅ ነገር አተረፉን።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሙ ከእሷ ይልቅ ልጇን ነው ብዙ የጠየቀው። መቼ ጀመራት? ቀስ በቀስ ነው ወይስ ድንገት? ምን ምን ትወስዳለች? ደም ተሰጠ፤ የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የቂጥኝ፣ የኤችአይቪ ምርመራ ታዘዘ። ቂጥኝ ሲባል ልጇ ደነገጠች። ሐኪሙ አረጋጋት። እነዚህ ሁሉ መርሳት ያመጣሉ፤ ከታከሙ ደግሞ መርሳቱ ሊሻል ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ማጣራት ነው። የጭንቅላት ሲቲ ስካንም ተነሳች። ተደምሮ የወጣው አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ነው፤ የደም ግፊት ያመጣው የደም ሥር ጉዳት ታክሎበት።

«ጃጅታ ነው» ስንል የከረምነው በሽታ ነው ለካ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖር እንደነበር ይገልጻል። ከ60 በመቶ የሚበልጠው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች፣ ማለትም እኛ ባለንበት ጎራ ነው። ሐኪሙ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው ሳይሸፋፍን ነገረን። ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር አዋዋሏ ነው አለን።

ፏ ያለው ቤት

የመጀመሪያው ቤት አዲስ አበባ ነው። በወር የሚጠይቁት የእኔን ደሞዝ ሙልጭ ያደርገዋል፤ ከአሜሪካ የሚላከው ሲታከልበት ግን ይቻላል። ቀጠሮ ይዤ ሄድኩ። ሰድሩ ያብረቀርቃል። ቤቱ ዕጣን ዕጣን ይላል። ዕጣን ደግ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ሽታ ይሸፍናል።

ሳሎኑ ውስጥ 12 አረጋውያን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። 12ቱም አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ተኝተዋል። አንድ ሽማግሌ ጠዋት ቢያንቀላፋ አይገርምም። 12 ሰው አንድ ላይ ግን አያንቀላፋም። ምን እንደሚወስዱ ጠየቅሁ። «ማረጋጊያ» ተባልኩ። ማን አዘዘው? «ሐኪም አለን።» የታዘዘበትን ወረቀት ላየው? ሻይ መጣልኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የመርሳት በሽታ ላለበት አረጋዊ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን ለማረጋጊያ መስጠት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2005 በእነሱ አቆጣጠር፣ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች በእነዚህ አረጋውያን ላይ የመሞት ዕድልን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። በ2008 ደግሞ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉትን ነባሮቹንም ጨመረ። ጨርሶ አይሰጡም ማለት አይደለም። ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ሲሆን፣ በሐኪም፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይሰጣሉ። ሳሎን ጸጥ እንዲል ግን አይሰጡም።

«ባለፉት 6 ወራት ስንት ሰው ወደቀ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እኛ ጋ ማንም ወድቆ አያውቅም» አሉኝ ኮራ ብለው። እኔ በሥራዬ የምነቃው አንድ ስርዝ የሌለበት መዝገብ ሳይ ነው። አረጋዊ በእግሩ የሚንቀሳቀስበት ቤት ሰው ይወድቃል። ማንም የማይወድቅበት ቤት ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሰው አያስነሳም። ስወጣ በአንድ ክፍል በር በኩል የአንዲት እናት እጅ በነጠላ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሮ አየሁ። «እንዳይወድቁ ነው» አሉኝ።

ስለ እንዝርትም ጠይቄ ነበር። ሹል ስለሆነ አይፈቀድም።

ሁለተኛው ጎንደር ውስጥ ያለ የበጎ አድራጎት ቤት ነው። አንድ ቀን ብቻ ሄድን። ሠራተኞቹ ደጋጎች ናቸው፤ ግን መንገድ ላይ የወደቀ፣ ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሰው የሚነሳበት ቤት ነው። ልጅና የሚከራይ ክፍል ያላት ሴት እዚያ አልጋ ብትይዝ የማንን ቦታ ነው የምትይዘው? አመስግነን ወጣን። አጎቴ «መንግሥት የት ሄዶ ነው?» አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አረጋውያንን የመርዳት ኃላፊነት አለ፤ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል። አቅሙ እስኪፈቅድ እታለም አትጠብቅም።

የሲስተር ቤት

ሦስተኛው አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ቪላ ተከራይተው የከፈቱት ነው፤ እዚያው ጎንደር። 9 አረጋውያን ይኖሩበታል። 5ቱ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ቀን ሦስት ሠራተኞችና አንዲት ምግብ አብሳይ አሉ። ሌሊት አንዲት ሠራተኛ ብቻ።

ካዝና የሚቆጠረው ሳይነገር ነው። ስለዚህ ሲስተርን መጀመሪያውኑ ነገርኳቸው። «አንድ ቀን በቀጠሮ እመጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳልናገር ነው የምመጣው።» ትንሽ ዝም አሉ። «ና» አሉ።

በቀጠሮው ቀን ያየሁት ደብተሮች ናቸው። ስለ መውደቅ ስጠይቅ መነጽራቸውን አደረጉና ገለጡ። «አራት ጊዜ። አንዷ ሁለት ጊዜ ናቸው።» ሁለት ጊዜ የወደቁት እናት ሁለቱንም ጊዜ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ነው። ከዚያስ? አልጋቸው ከሽንት ቤቱ አጠገብ ወዳለው ክፍል ተዛወረ። መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባለ ባትሪ አምፖል ተገዛ። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሲቆሙ እያዞራቸው እንደሆነ ሐኪም አየው። ከዚያ ወዲህ አልወደቁም። ለእኔ የቤቱ ፈቃድ ይኼ ገጽ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውንም አየሁት፤ እሱ ግን ስለ ሌሊቱ የሚለው ነገር የለም።

የክብደት መዝገብም አለ፤ በየወሩ። ይህን ያስተማሩኝ ሲስተር ናቸው። አረጋዊ በአንድ ወር ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ ከቀነሰ የአደጋ ምልክት ነው። 60 ኪሎ የነበረች ሴት በወር 3 ኪሎ ከጣለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ጥርስ፣ መዋጥ፣ ድብርት፣ ወይም የሚያጎርሳት ሰው መጣደፍ።

ውኃ ደግሞ ጎንደሬ የሆነ ሁሉ የሚገባው ጥያቄ ነው። አንገረብ ግድብ እያለም የቧንቧ ውኃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ፣ ሌሊት አልጋቸው የሚርስ ሰዎች ያሉበት ቤት በምን ያጥባል? ግቢው ውስጥ ሁለት ሮቶ አለ። በዱላ መታ መታ አደረግሁት፤ ሙሉ ነው። ሲስተር ሳቁብኝ።

ሁለተኛ የሄድኩት ሳልናገር፣ በምሳ ሰዓት ነው። ዓርብ ነበር። እዚህ ላይ የማላውቀውን አወቅሁ። አንድ አዛውንት ጠያቂ ዘመዳቸው መጥቶ ያጎርሳቸዋል፤ በፍቅር፣ ትልቅ ትልቁን። ሠራተኛዋ ቀስ ብላ መጣችና «ጋሼ፣ እኔ ልቀጥል» ብላ ተቀበለችው። አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ቆማ አይደለም። ትንሽ ታጎርሳለች፤ እስኪውጡ ትጠብቃለች፤ ውኃ ታስጎነጫለች። በዚህ በሽታ እየቆየ መዋጥም ይረሳል። ምግብ በትንታ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። ጉርሻችን ሰው ሊገድል ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

አንዲት እናት ደግሞ «ጾም ነው» ብለው ምግቡን ገፉት። ወጡ ሽሮ ነው፤ በሰዓት መጾሙም ቀርቶላቸዋል፤ እሳቸው ግን ቅዳሴ አልወጣም ባይ ናቸው። የንስሐ አባታቸው አንድ ጊዜ ተጠርተው ከጾም ፈትተዋቸዋል። ችግሩ ወዲያው ረሱት። ሠራተኛዋ በየዕለቱ «አባ ፈትተውዎታል እኮ፤ እኔ ነበርኩ ስሰማ» ትላቸዋለች። «አንቺ ነበርሽ?» ይላሉ። «ነበርኩ።» ይበላሉ።

እግረ መንገዴን ትንንሽ ነገር አየሁ። ጥፍር። ከንፈር፤ ደርቋል ወይስ ረጥቧል። ተረከዝ፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቁስል የሚጀምረው እዚያና መቀመጫው ላይ ነው። ከአልጋ የማይነሱ አንድ አባት አሉ፤ በየ2 ሰዓቱ የሚገለበጡበት ሰዓት በራስጌያቸው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን አንስቼ ሰዓቴን አየሁ። የመጨረሻው ከ40 ደቂቃ በፊት ነው።

ደግሞም አጠራር። ፏ ያለው ቤት ውስጥ ሠራተኞቹ ሁሉንም «አንቺ» «አንተ» ነው የሚሉት፤ «ተነሺ»፣ «ዋጥ»። ጎንደር ላይ አንድ ሽማግሌ «አንቱ» መባል ሲቀርበት ከሰው ተራ እንደወጣ ያውቃል፤ ስሙን ቢረሳም ያውቃል። እዚህ «ይነሱ»፣ «ይዋጡ» ነው። ሁሌ ግን አይደለም። አንዷ ሠራተኛ አንድ አባት እያሉ «እኚህ እንኳ አይሰሙም» ስትል ሰምቻለሁ። ዞር ብለው አይተዋታል።

በ11 ሰዓትና በሌሊት

ሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሊመሽ ሲል ድካሙ ተጠራቅሟል፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ጥላው ይረዝማል፤ የሰውነት ሰዓትም በበሽታው ተዛብቷል። ብዙዎቹ የሚረበሹት ያኔ ነው። ቤትን ጠዋት ማየት ሙሽራን በሠርጓ ቀን እንደማየት ነው።

አንድ አባት ተነስተው በሩን ይገፋሉ። የሑመራን መንገድ ሲነዱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። «ተሳፋሪው ሞልቷል፤ መኪናው ሊነሳ ነው!» እዚህ ጋ ነው ጆሮዬን የቀሰርኩት። የእኛ ቤት ቢሆን «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተዋል እኮ» ነው የምንለው። ሠራተኛዋ፣ ገና 20 ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ «ጋሽዬ፣ ጎማው እየተነፋ ነው፤ ሻይ ጠጥተን እንነሳ» አለች። «የኋላው ነው?» «የኋላው።» ተቀመጡ። ሻዩ ሲያልቅ ስለ መኪናው ረስተው ነበር።

ይህ ውሸት ነው የሚል አይጠፋም። አጎቴም ብሏል። እኔ ስለ የማታው መርዶ እያሰብኩ ነበር።

ከወዲያኛው ክፍል አንዲት እናት መጮህ ጀመሩ። ሁለተኛዋ ሠራተኛ «ዝም ይበሉ» አላለችም። ጨርቃቸውን አየች፤ ደረቅ ነው። ሆዳቸውን ዳሰሰች፤ ደብተሩን ገለጠች። «ሰገራ ከወጡ አራት ቀናቸው» አለች ለሲስተር። ሕመሙን መናገር የማይችል ሰው በጩኸት ነው የሚናገረው። ፏ ያለው ቤት ለዚህ ጩኸት የሚሰጠው ኪኒን ነበር።

አራተኛው ጉብኝት አንድ ሌሊት ማደር ነው። ሲስተር አልወደዱትም፤ ተግባባን። ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው አንድ ጊዜ ተነሳ። አንዷ ሠራተኛ አንዱን ሽንት ቤት ይዛ ስትገባ ሌላኛው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ተነስቼ ያዝኳቸው። እኔ ባልኖርስ? ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ የለም። ጠዋት ለሲስተር ይህን ነገርኳቸው። አልተከራከሩም። «ሁለተኛ የሌሊት ሰው የምቀጥርበት ብር የለኝም» አሉ። ሌላም ጉድለት ጻፍኩ፤ ልብስ ታጥቦ በአንድ ቅርጫት ይገባል፤ ያገኙትን ነው የሚያለብሷቸው። አንድ እናት የሌላዋን ቀሚስ ለብሰው «ይሄ የማን ነው?» እያሉ ሲጎትቱት ውለዋል።

አራተኛው ቤት

ጎንደር ያደርኩባቸውን ሌሎቹን ሌሊቶች የተኛሁት እታለም ቤት ነው። ሦስቱን ቤቶች የመዘንኩበትን ወረቀት የአክስቴ ልጅ አየችው። «እስቲ የእኛንም ሙላው» አለች። እየቀለደች መስሎኝ ነበር።

ሌሊት ስንት ሰው አለ? አንዲት የ17 ዓመት ሠራተኛ፤ ቀን ስትሠራ የዋለች። በር? ከውጭ ይቆለፋል። እሳት ቢነሳስ? ዝም። ክብደት? መዝነናት አናውቅም። መውደቅ? «ወድቃ አታውቅም» አልኩና አፌን ያዝኩ። መጻፉን ማን ጻፈውና? ማረጋጊያ?

የአክስቴ ልጅ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። አሚትሪፕቲሊን። እንቅልፍ እንዲወስዳት ብላ ከመድኃኒት ቤት የገዛችው ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ለድብርት የተሠራ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል። ግን አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያግዳል። አልዛይመር ደግሞ አስቀድሞ የሚያጎድለው ይህንኑ ነው። አረጋውያን፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ያለባቸው፣ እንዳይወስዱት ይመከራል። ሐኪሙ ሲሰማ ቀስ በቀስ አስቆማት። ከዚያ ትንሽ ተሻላት። ተአምር አይደለም፤ የቤተሰቡን ስም በትክክል የምትጠራባቸው ጠዋቶች ተመለሱ።

የአክስቴ ልጅ አለቀሰች። ያን ኪኒን የገዛችው ሦስት ሌሊት ሳትተኛ አድራ፣ ጠዋት ክፍል ገብታ ልታስተምር ነው። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ «እታለም እንዴት ናት?» ብዬ በስልክ ስጠይቅ የነበርኩ ሰው ምን አፍ አለኝ? በዚያ ወረቀት ላይ የእኛ ቤት ከሲስተር ቤት በታች ነው የወጣው። ከፏ ያለውም ቤት ብዙ አይርቅም።

የሆነው

ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 2017 ላይ እታለም ሲስተር ቤት ገባች። የሌሊት ሠራተኛ ሁለት እንዲሆኑ የሁሉም ቤተሰብ ትንሽ ትንሽ ጨመረ፤ ሁለት ቤተሰቦች አልችልም ብለዋል፣ አልተገደዱም። የእጅ መያዣውን አንድ ብረት በያጅ በሁለት ቀን ሠራው። ልብሷ ላይ ስሟን በክር ጠለፍን።

ክፍያው የሚወጣው ከሚከራዩት ክፍሎቿ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዘግይተን ነው ያወቅነው። «ውክልና አስፈርሟት» ያሉን ብዙ ነበሩ። ውክልና ግን ሰጪው ምን እንደሚፈርም ሲያውቅ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ቀድሞ የተሰጠውም ይቋረጣል። ስለዚህ ልጇ በፍርድ ቤት ሞግዚት ለመሆን ማመልከት ነበረባት። ሕመሙ ገና ሲጀምር ሄደን ሐሳቧን ራሷ ብትነግረን ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መጥፎ ነበሩ። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። ክብደቷ ከ54 ወደ 52 ወረደ። አጎቴ «አላልኩም?» አለ። ወሬውም ጠና፤ አክስቱን ለመጦሪያ ሰጣት ተባልኩ። ወሬውን ያበረዱት የሥላሴ ማኅበርተኞቿ ናቸው። ወር በገባ በ7ኛው ቀን ዳቦና ጠላቸውን ይዘው ሲስተር ግቢ መጡ። እዚያው ጸሎት አድርሰው፣ እዚያው በሉ። እታለም ማን ማን እንደሆኑ አታውቅም፤ ጸሎቱን ግን እስከ መጨረሻው አብራ አደረሰች።

በ7ኛው ሳምንት ድንገት ተለወጠች። ቀን ትተኛለች፤ ሰው በሌለበት ታወራለች። ትኩሳት የላትም። እኔ በስልክ ስሰማ በሽታው ባሰበት ብዬ ተቀመጥኩ። ያቺ የጎማዋ ልጅ ግን «እታለም በአንድ ቀን እንዲህ አይሆኑም» ብላ ሲስተርን ጨቀጨቀች። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ነው። አረጋዊ ኢንፌክሽን ይዞት ላያተኩስ ይችላል፤ የሚታየው ድንገተኛ መቃዠት ብቻ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ጨርሳ ወደነበረችበት ተመለሰች።

እንዝርቷን ሲስተር ፈቅደዋል፤ ሰው አጠገቧ እስካለ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ባዘቶው ይቀርብላታል። የልጇን ስም ያጣው ጭንቅላት ጣቶቿን አልረሳም። ክሩ እንደ ድሮው አይደለም፤ ድርም ማግም አይሆንም፤ ይበጣጠሳል። እሷ ትቀጥለዋለች።

ነሐሴ ላይ ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በአባቷ ታናሽ ወንድም ስም ጠራችኝ፤ አቤት አልኩ። 11 ሰዓት ሆነ። ቀና አለች። «ከብቶቹ ገቡ ወይ?» ልመልስ አፌን ስከፍት ልጅቷ ከኩሽና «ገብተዋል እታለም፤ ጥጃዋንም አስሬያታለሁ» አለች። እታለም «ተባረኪ» አለችና እንዝርቷን አሾረች።

ያቺ ልጅ መስከረም ላይ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ፓስፖርቷ ወጥቷል። ሲስተር ደሞዝ ሊጨምሩላት ሞከሩ፤ ከዚያኛው ጋር አይገናኝም። ከመሄዷ በፊት ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን ለተተኪዋ አንድ ወረቀት ጻፍን። የፊት መታጠቢያዋ ለብ ያለ ውኃ ይሁን። በግራ ጆሮዋ ነው የምትሰማው። ቡናዋ በጨው ነው። ቀሚስ ሲቀየርላት መጀመሪያ ነጠላዋ ይሰጣት፤ ካልያዘችው እሺ አትልም። ስለ ከብቶቹም ጻፍን። ልጅቷ አነበበችውና ብዕሩን ከእጄ ወስዳ መጨረሻ ላይ ጨመረች፤ «ጥጃዋ ቦራ ናት»።